ሙቀት ፈላጊዋ ዓይን

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ዘነበወርቅ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ፤ የሕሙማን መመርመሪያ ሲበላሽ የሚጠሩት እኔን ነበር። በሽኝቴ ዕለት ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፣ የክፍሉ ኃላፊ ንግግር አደረገ፣ ጋቢ አለበሱኝ። ከዚያ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ፣ "ጋሽ አበራ፣ ለመሆኑ መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ የጠገኑት ምን ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ሬዲዮ" አልኳት።

ሁሉም አጨበጨቡ። ሬዲዮ የጠገንኩት ኋላ ነው። እጄን ያፍታታሁት በሚሳይል ላይ ነው። ይህን ለሚስቴም ሆነ ለልጆቼ በቅጡ ተናግሬ አላውቅም። ሲጠይቁኝ "የመንግሥት ሥራ" እያልኩ አልፌዋለሁ። አሁን ጠዋት ተነሥቼ የምሄድበት ቦታ ስለሌለኝ፣ ደግሞም ከሽኝቱ በኋላ የሆነ ነገር ስላለ፣ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ያኔ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ግን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ኮልፌ አባቴ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አባቴ ከከፋ መጥቶ ኮልፌ ገበያ ኮረሪማና ማር የሚነግድ ሰው ነው፤ የተማረ ልጁ እቤት ሲውል ማየት ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን የቀድሞ አስተማሪዬ አስጠራኝና፣ "እንግሊዝኛህ ደህና ነው፤ እጅህም ረጋ ያለ ነው። ቬሎንያዎች እንዳንተ ያለ ሰው ይፈልጋሉ" አለኝ።

ቬሎንያ ሩቅና ቀዝቃዛ አገር ናት። ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚተኮስ፣ በቅርብ ርቀት የሚመታ ሚሳይል ሠርተዋል። በደጋው ብርድና በቆላው ሙቀት እንዴት እንደሚሆን ሊሞክሩት፣ ከተሳካላቸውም ሊሸጡት መጥተው፣ ከአጠና ተራ ወደ ላይ በባሕር ዛፍ አጥር የተከበበ አንድ የሙከራ ጣቢያ ተከሉ። ሚሳይሏ በቋንቋቸው ያላት ስም ለአፍ አይመችም፤ እኛ "ተርብ" አልናት። ቁመቷ ከረጅም ሰው ትንሽ ይበልጣል፣ ውፍረቷ የወንድ ጭን ያህላል። አፍንጫዋ መስተዋት ነው። ከመስተዋቱ ኋላ እየተሽከረከረች ሙቀት የምትፈልግ ትንሽ ዓይን አለች። የአውሮፕላን ሞተር የሚተፋውን ሙቀት ታየዋለች፣ ትይዘዋለች፣ እስክትደርስበት ትከተለዋለች። አብራሪው አንዴ ከተኮሰ በኋላ የሚያደርገው ነገር የለም። መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።

ስለ ሥራው ለማንም እንዳልናገር ፈረምኩ። እናቴ ማቀዝቀዣ የምጠግን ይመስላት ነበር። ጎረቤት "ልጅሽ ምን ይሠራል?" ሲላት፣ "የፈረንጅ ፍሪጅ" ትላለች። ደመወዙ ጥሩ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ለአባቴ ካፖርት ገዛሁለት።

የመደቡኝ ዓይን ክፍል ነው። መስኮት የሌለው፣ ወለሉ ጎማ የተነጠፈበት፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ ክፍል። እኔን ባለሙያ አድርገው የሠሩኝ እዚያ ያገኘኋቸው ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ያፈረስኳቸው ግን እኔ ነኝ። ጋሽ መርሻ ይባላሉ። ጎጃሜ ናቸው፤ ወደ ጣቢያው ከመምጣታቸው በፊት ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይናቸው ሥር የሰዓት ሠሪ መነጽር የቀረጸው ክብ ምልክት ያለባቸው ሰው። ፈረንጆቹ መጀመሪያ የቀጠሯቸው ጽዳት እንዲቆጣጠሩ ነው አሉ። አንድ ቀን የዓይኗ ትንሽ ማሽከርከሪያ አልዞር ብላ መሐንዲሱ ሃልደን ግማሽ ቀን ሲታገላት፣ ጋሽ መርሻ በወረንጦ አንድ የጨርቅ ብናኝ ከውስጧ አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይን ክፍል የእሳቸው ሆነ።

ጠዋት ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። በፎጣ አያደርቁም፤ ፎጣ ብናኝ አለው። ክንዳቸውን ወደ ላይ አቁመው በአየር እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ከታጠቡ በኋላ ማንንም አይጨብጡም፤ ሻለቃው ራሱ እጁን ቢዘረጋላቸው በአንገታቸው ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ እንጂ አይነኩትም። ይህን ሻለቃው እንደ ንቀት ቆጥሮ ቂም ይዞባቸዋል። ሻለቃ ደምሴ የጣቢያው የበላይ ነው፤ ሥራውን ሳይሆን እንግዶቹን የሚያውቅ ሰው ነበር።

የኮልፌ ክረምት የተርብ ዋና ጠላት ነው። እርጥበቱ በመስተዋቱና በብረቱ መገጣጠሚያ ገብቶ ዓይኗን ያሳውራል። በያንዳንዷ ራስ ውስጥ እርጥበት የሚጠጣ ሰማያዊ ጠጠር በትንሽ ከረጢት እናስቀምጣለን፤ ጠጠሩ ወደ ሮዝ ሲቀየር ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፣ ሁሉም ተፈትቶ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ ሥራችን ሁሉ ይኸው ነበር፤ መፍታት፣ ማድረቅ፣ መግጠም።

በገባሁ በሦስተኛው ወር ጋሽ መርሻ አንድ ራስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ "ይቺ ትበር ወይስ ትቅር?" አሉኝ። መረመርኳት። ደህና ናት አልኩ።

"እንደገና እያት።"

እንደገና አየኋት። እስከ ምሳ ድረስ ደጋግሜ አየኋት። ምሳ ሰዓት ሲሆን እሳቸውም ሳይበሉ ከጎኔ ቁጭ አሉ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው መስተዋቱ ላይ ቀስ ብለው ተነፈሱበት። የትንፋሻቸው ጉም መስተዋቱን ሸፈነው፤ ከዚያ ከዳር ወደ መሐል እየሳሳ ጠፋ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፀጉር የምታህል መስመር ቀረች። ስንጥቅ።

"ብርሃን ይዋሻል" አሉኝ። "ትንፋሽ ግን አይዋሽም። ነገ አንተ ትተነፍሳለህ።"

ዓይኗን የምንፈትነው እንዲህ ነው። ራሷን ጠረጴዛ ላይ አሥረን ኤሌክትሪክ እንሰጣታለን። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ እናደርጋለን። ፊት ለፊቷ በመበየጃ ብረት ጫፍ ሙቀት እናሳያታለን። ሙቀቱን ስታይ በማዳመጫው ውስጥ ታጉረመርማለች፤ አጥንት የያዘች ድመት ትመስላለች። ብረቱን ወደ ግራና ቀኝ ስናንቀሳቅስ ዓይኗ አብራ ትዞራለች። ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ጎን ላይ ሁለተኛ፣ ደከም ያለ ሙቀት እናበራለን። ጤነኛ ከሆነች ጠንካራውን ይዛ ደካማውን ትንቃለች። ይህ አራት ጊዜ ይደገማል፣ ውጤቱ በካርድ ላይ ባሉ አራት ሣጥኖች ይጻፋል፣ ባለሙያው ይፈርማል። ያለ ፊርማ አንዲት ተርብ ከጣቢያው አትወጣም።

ሃልደን ራሱ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ይሰለቻል። ጋሽ መርሻ ግን አራቱን ሳይጨርሱ ቃል አይተነፍሱም። በአንደኛውና በሌላው መካከልም ዓይኗ እንድትሞቅ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን "ሦስቱ ከተሳካ አራተኛው ለምን ያስፈልጋል?" አልኳቸው።

"አንደኛው ለመመሪያ መጽሐፉ ነው" አሉኝ። "ሁለተኛው ለፈረንጁ። ሦስተኛው ለሻለቃው። አራተኛው እዚያ ላይ ለሚወጣው ሰው ነው።"

ሁለታችንም ቀራንዮ አካባቢ ስለነበርን ወደ ሥራ አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንመለሳለን። እኔ በጊዜው ከአባቴ ቤት ወጥቼ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ እሳቸው ከኔ አምስት ቤት አልፈው ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖራሉ። ልጅ አልሰጣቸውም። እትዬ አስካለ ሳቂታ፣ አፈ ፈጣን ሴት ነበሩ፤ ከጋሽ መርሻ ጋር ተቃራኒ። እሑድ እሑድ ምሳ እነሱ ቤት ነበር። "ና ብላ፣ ይኼ ሰውዬ እንደሆነ ከኔ ጋር አያወራም፤ ፍሪጃችሁን ነው የሚያስበው" ይሉኛል። እሳቸውም ፍሪጅ መስሏቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ትልቁ ቀን ተቆረጠ። ከሁለቱም አገር ትልልቅ ሰዎች መጥተው ተርብ ስትተኮስ ሊያዩ ነው። ቦታው ከአዋሽ ማዶ ያለ ሜዳ ነው። አንድ ዘገምተኛ አውሮፕላን ከሞተሩ ይበልጥ የሚግል፣ የሚነድ ኢላማ በረጅም ገመድ ይጎትታል፤ ተዋጊው አውሮፕላን ከኋላ መጥቶ ይተኩሳል፤ ተርብ ኢላማውን ታሳድዳለች። ፈንጂ የላትም፤ በፈንጂው ቦታ አሸዋ ነው የሚሞላው። ለዚያ ቀን ሁለት ተርብ ያስፈልጉ ነበር፣ ደህና የሚመስሉት ደግሞ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዘጠኝ ቁጥርና አሥራ አንድ ቁጥር። ሌሎቹን ክረምቱ በልቷቸዋል።

ዘጠኝ ቁጥር አራቱንም አለፈች። አሥራ አንድ ሦስቱን አለፈች። በአራተኛው፣ በደንብ ከሞቀች በኋላ፣ ደካማው ሙቀት ሲበራ ጉርምርምታዋ ተቋረጠ። ዓይኗ ከጠንካራው ላይ ተንሸራታ ወደ ጎኑ ሄደች። ጋሽ መርሻ ማዳመጫውን አወለቁና ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ሰማሁት።

"የያዘችውን ትለቃለች" አሉ።

በሚቀጥለው ቀን ደገሙት። ሦስት ጊዜ ያዘች፣ በአራተኛው ለቀቀች። ሃልደን ተጠራ። መጽሐፉን ገለጠና ሦስት ከአራት የተፈቀደ ነው አለ። ጋሽ መርሻ በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው፣ "ለመጽሐፍህ ይበቃል። እዚያ ላይ ላለው ሰው አይበቃም" አሉት። እርሳሳቸውን ካርዱ ላይ አጋድመው አስቀመጡት።

ሻለቃ ደምሴ እየተቆጣ መጣ። "መርሻ፣ እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ናቸው። አንድ ብቻ ተኩሰን ብትስት ምን እንላለን? አሁን ፈርም!"

"ዓይኔ እያየ እንዴት ብዬ ልፈርም፣ ጌታዬ?"

"ሰዓት ሠሪ! ሰው አደረግንህና አሁን ደግሞ አስተማሪያችን ልትሆን?"

ጋሽ መርሻ ታጥበው የነበረ ቢሆንም ያን ጊዜ ብቻ ሻለቃውን ለመጨበጥ እጃቸውን ዘረጉ፤ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል። ሻለቃው አልጨበጣቸውም። በዚያው ከሰዓት ትእዛዝ ወጣ። ጋሽ መርሻ ከዓይን ክፍል ተነሥተው በጎታቹ አውሮፕላን ላይ የኢላማውን ገመድ የሚለቅና የሚሰበስብ ሠራተኛ ሆኑ። በቦታቸው እኔ ተሾምኩ።

ሻለቃው ቢሮው ጠርቶኝ አስቀመጠኝ። "አበራ፣ ወጣት ነህ። እዚህ አገር የተማረ ሰው ተራ የሚደርሰው አሁን ነው። ቬሎንያ ለትምህርት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ይመረጣሉ" አለኝ። ካርዱን ፈርም አላለኝም። አያስፈልገውም ነበር።

ዓይን ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እጄን ታጠብኩ፣ በአየር አደረቅሁ። አሥራ አንድን አሠርኳት። አንደኛው፤ ያዘች። ጻፍኩ። ሁለተኛው፤ ያዘች። ጻፍኩ። ሦስተኛው፤ ያዘች። ጻፍኩ። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቅሁ። ረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ ሣጥኑን አየሁት። "ምናልባት ዛሬ ትይዝ ይሆናል" ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እንዳልሞክራት ያደረገኝም ይኸው ምናልባት ነው። ብሞክራትና ብትለቅ ማወቄ ነው። ካልሞከርኳት ግን አላወቅሁም። አራተኛው ሣጥን ውስጥ ያልተደረገ ሙከራ ውጤት ጽፌ ፈረምኩ።

በተኩሱ ጠዋት ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ጎታቹ አውሮፕላን ሞተሩን እያሞቀ ነው። ጋሽ መርሻ ሰፊ የቆዳ ጃኬት አልብሰዋቸው ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ አዩኝና መንገዳቸውን ቀይረው መጡ።

"መጀመሪያ የምትተኮሰው የትኛዋ ናት?"

"ዘጠኝ ቁጥር ናት ጋሽዬ። ከዚያ አሥራ አንድ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "አሥራ አንድን ፈረምክ?"

"አዎ።"

"አራተኛውን አየኸው?"

በዚያች ቅጽበት "አላየሁትም" ብል፣ አይሳፈሩም ነበር። ምናልባት ሁሉም ነገር ይቆም ነበር። ምናልባትም ሻለቃው ሌላ ሰው ይጭን ነበር። ግን እሳቸው አይሳፈሩም ነበር።

"አየሁት። ያዘች" አልኳቸው።

"አስተካክለሃታል ማለት ነው?"

"ጠጠሩን ቀየርኩ። እርጥበት ነበር።"

ፊታቸው በራ። እንደዚያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። "ጎሽ! እኔ እርጥበቱን አላሰብኩትም" አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄደው ተሳፈሩ።

ዘጠኝ ቁጥር በደንብ ሄደች። ከተዋጊው አውሮፕላን ክንፍ ሥር ወጥታ ነጭ ጭሷን እያሰመረች ኢላማውን በጠሰችው። እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ፣ ሻለቃው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ጨበጠ። ጎታቹ ሌላ ኢላማ ለቀቀ። ጋሽ መርሻ ገመዱን ሲለቁ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል። አሥራ አንድ ተተኮሰች።

ጭሷ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ኢላማው ተጠጋች። ከዚያ መስመሩ ጎበጥ አለ፤ በጣም ትንሽ፣ ስህተት የማይመስል ጎባጣ። ኢላማውን በጎኑ አልፋ በገመዱ አቅጣጫ ወደፊት ቀጠለች። ድንኳኑ ውስጥ ገና ሰው ያጨበጭብ ነበር። አጠገቤ የቆመው ሃልደን በቋንቋው አንድ ቃል ተናገረ። ተርብ የጎታቹ ሞተር ውስጥ ገባች። ፈንጂ ስላልነበራት አውሮፕላኑ አልተበተነም፤ ነደደ። አብራሪው እየታገለ ሜዳው ላይ በሆዱ አሳረፈው። እሱ ሮጦ ወጣ። ጋሽ መርሻ ከገመዱ ማጠንጠኛ ጋር ኋላ ነበሩ፤ እስኪያወጧቸው ድረስ እሳቱ ደርሶባቸው ነበር።

አዲስ አበባ አምጥተው ሆስፒታል አስገቧቸው። ሦስት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን እንድገባ ፈቀዱልኝ። ፊታቸው አልተጎዳም፤ እጆቻቸው ግን እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልለዋል። እትዬ አስካለ እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል፤ የአውሮፕላን አደጋ ነው ከመባል በቀር የተነገራቸው የለም። ጋሽ መርሻ ድምፄን ሲሰሙ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አበራ።"

"አቤት ጋሽዬ።"

"ሌሊቱን ሳስበው ነበር። አራተኛውን አይተኸዋል አይደል?"

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ነገሩ አልገባቸውም።

"አይቼዋለሁ" አልኩ።

"እንግዲያው ጥፋቱ የማንም አይደለም። በመንገድ ተንገጫግጫ ተበላሽታ ነው። ራስህን እንዳታስጨንቅ።" ትንሽ አረፉና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "አስካለ፣ ይኼን ልጅ አደራ። ጭንቀታም ነው፤ በኔ ምክንያት ሥራው እንዳያስጠላው።"

በማግስቱ ጠዋት አረፉ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተቀበሩ። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። እኔን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ጊዜ ሞከርካት አሉኝ። አራት አልኩ። ካርዱም አራት ይላል። ሚሳይሏ በፀሐይ ሙቀት ተሳስታ ነው ብለው ጽፈው ዘጉት። የዚያን ቀን ሰማዩ ደመና እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቬሎንያዎች በሁለት ወር ውስጥ ዕቃቸውን አሽገው ሄዱ፤ ለትምህርት የተላከም ሰው የለም። ብዙም ሳይቆይ አገሩ ተናወጠ፣ ዙፋኑም ወደቀ፣ ሻለቃው ታሰረ ሲሉ ሰማሁ። ጣቢያውን የጠየቀ ሰው የለም። ባሕር ዛፉን እንኳ ቆርጠው ወሰዱት።

እኔ ጦር ኃይሎች ፌርማታ አጠገብ ሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጠርኩ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሆስፒታሉ ገባሁ። ለሠላሳ ዓመት ያህል አንድም መሣሪያ አራት ጊዜ ሳልሞክረው ከእጄ አልወጣም። ሰዎች "አበራ ጠንቃቃ ነው" ይላሉ። በየወሩ ያመሰግኑኛል። የዳነ ሰው ሳይ የሚታየኝ ያልዳነው ነው። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ይቅርታውን አስቀድሞ፣ በውሸቴ ላይ ተመሥርቶ ሰጥቶኝ ሞቷል። እንዲህ ያለ ይቅርታ ምን ይደረጋል?

እትዬ አስካለ አደራውን ጠበቁ። ሐዘናቸው ሳይወጣ፣ ሰባተኛው ቀን ላይ ቤቴ መጥተው በሩን አንኳኩ፤ "እኔ ብቻዬን አልበላም፣ ና" ብለው ወሰዱኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ቀርቼ አላውቅም። ጣራቸው ሲያፈስ ጠግኛለሁ፣ ሲታመሙ አሳክሜያለሁ። ሚስት ሳገባ እንደ እናት ሆነው ሽማግሌ የላኩት እሳቸው ናቸው። ልጆቼ አያታቸው አድርገው ነው የሚያውቋቸው። ለጎረቤት "ልጄ ነው" ይሉኛል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ ግን ደግሞ እሑድ እስኪደርስ እቸኩላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ከሽኝቱ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ያንን ጋቢ ለብሼ ሄድኩ። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አፋቸው ግን አልደከመም። "እሰይ፣ እሰይ! ልጄ በሰላም ጡረታ ወጣልኝ፤ መርሻ ቢያይህ እንዴት ይኮራ ነበር" አሉና ጋቢውን በእጃቸው ዳሰሱት።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ፍሪጅ እንዳልነበረ፣ ጋሽ መርሻ አልፈርም እንዳሉ፣ አራተኛውን እንዳላየሁት፣ በሜዳው ላይ የጠየቁኝን፣ አልጋቸው ላይ የመለስኩላቸውን። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም። እጃቸውን ከጋቢዬ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"እኔ እዚያው ነበርኩ" አሉ። "እግሩ ሥር። አይቼዋለሁ ስትል ሰምቻለሁ።"

"አዎ እትዬ።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርከኝ?"

"እንዳልሞት ብዬ... ሳልናገር እንዳልሞት።"

"አንተ ቀለለህ" አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ነው። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ልጅ ከየት ላምጣ?"

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። አልተመለሱም። ጠብቄ ጠብቄ በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። አልሂድ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ግን እግሬ ራሱ ወሰደኝ። በሩን አንኳኳሁ። እርምጃቸውን በቀስታ ሲመጣ ሰማሁ። ከፈቱ። ደጃፉ ላይ ቆመው አዩኝ፤ ነጠላቸውን ለእንግዳ እንደሚደረገው አስተካከሉ።

"ደህና ነዎት?" አሉኝ።

በሕይወታቸው ሙሉ አንተ ብለውኝ ነው የሚያውቁት። ዓይናቸው ከድቷቸው ሌላ ሰው የመሰልኳቸው መሰለኝ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ። አበራ ነኝ እኮ።"

"አውቄዎታለሁ" አሉ። "ይግቡ።"